የሎግ ፍሰትን በትእዛዝ መስመር ስለ ማሻሻል፤ «ተፈጸመ» የሚለው መልስ ሲመረመር

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ለጊዜው ሲያዩት ጥቂት ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ይኸውም አንድ ድርጅት የኮምፒዩተሮቹን የሥራ መዝገብ፣ በተለምዶ ሎግ የምንለውን፣ ከሚጻፍበት ቦታ ወደሚጠበቅበት ቦታ የሚያስተላልፈውን ማገናኛ በትእዛዝ መስመር ሲያሻሽል የሚሆነው ነው። ትእዛዙ አንዲት መስመር ናት፤ ለመጻፍም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ነገር ግን መሣሪያው «ተፈጸመ» ብሎ ሲመልስ በእርግጥ የተፈጸመው ምንድን ነው? ጥያቄያችን ይህ ብቻ ነው። መልሱን ለማግኘት በሰፊው የሚሠራባቸውን ሁለት መሣሪያዎች፣ የኦውዝ ዜሮንና የፋስትሊን፣ ዘርዘር አድርገን እንመለከታለን፤ ሌሎቹን የምናነሣቸው ለማመሳከር ያህል ነው።

ይህን ቡለቲን የሚያነቡት ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች የመጡ ጓደኞቻችን ስለ ሆኑ አስቀድሞ ስለ ሎግ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሎግ ማለት አንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲሠራ ስለ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መስመር በስንት ሰዓት፣ ማን፣ ከየትኛው አድራሻ፣ ምን እንደ ጠየቀና ምን መልስ እንዳገኘ ይናገራል። አንድ ሰው በተሳሳተ የይለፍ ቃል ሃያ ጊዜ ለመግባት ቢሞክር ሃያ መስመር ይጻፍበታል። መዝገቡ ግን በተጻፈበት ቦታ ብዙ አይቆይም። ኦውዝ ዜሮ ሎጉን የሚያኖረው እንደ ደንበኛው የክፍያ ደረጃ ሲሆን ከፍተኛውን የሚከፍለውም ቢሆን የሚቆይለት 30 ቀን ነው። ፋስትሊ ደግሞ በመደበኛው አሠራር የእያንዳንዱን ጥያቄ ሎግ ለደንበኛው ያስተላልፋል እንጂ በራሱ ዘንድ አያከማችም። እንግዲህ ዘላቂው መዝገብ ተቀባዩ ዘንድ ያለው ብቻ ነው ማለት ነው፤ ፍሰቱ በተቋረጠበት ሰዓት የሆነውንም በኋላ ሄደው የሚጠይቁት ሰው አይገኝም።

የመዝገብ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን የሥርዓት መስተጓጎል አብዛኞቻችን እናስታውሳለን፤ በዚያች ሌሊት በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ካወጡትና ካስተላለፉት መካከል ብዙ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ በኋላ ገንዘቡን ያልመለሱትን በስም ለመጥራት የቻለው እያንዳንዱ ዝውውር ተመዝግቦ ስለ ቆየው ነው። የባንክ የሒሳብ መዝገብና የሎግ ፍሰት አንድ ነገር እንዳይደሉ እናውቃለን። ቢሆንም መዝገብ ከሌለ ጥፋተኛውን ከንጹሑ መለየት እንደማይቻል በዚያን ጊዜ ሁላችንም ያየነው ይመስለናል።

የአሠራሩም ታሪክ ከያዝነው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ሲስሎግ የተባለውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ በበርክሊ የሠራው ኤሪክ ኦልማን ነው፤ የሠራውም ሴንድሜይል ለተባለው የደብዳቤ ማስተላለፊያ ፕሮግራሙ ነበር። በቆየው ልማድ የሲስሎግ መስመሮች የሚጓዙት በዩዲፒ፣ ቁጥሩ 514 በሆነው በር ነው። ዩዲፒም ተቀባዩ መቀበሉን አይጠይቅም፤ መልእክተኛው ይሰደዳል፣ መድረሱ ግን አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አርኤፍሲ 3164 ይህንኑ ልማድ በጽሑፍ አሰፈረ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አርኤፍሲ 5424 የመስመሩን አጻጻፍ አስተካከለ። ዛሬ ብዙው የሎግ ፍሰት በኤችቲቲፒ የሚሄድ ስለ ሆነ ላኪው ከተቀባዩ መልስ ያገኛል። ዳሩ ግን መልሱን የሚያገኘው ላኪው ማሽን ነው፤ ትእዛዙን የጻፈው ሰው አያየውም። የአሁኑ ችግር ከአሮጌው የሚለየው በዚህ ብቻ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ማገናኛውን ማሻሻል የሚያስፈልገው ስለ ምንድን ነው? የመግቢያ ቁልፍ በየጊዜው ይለወጣል፤ ተቀባዩ ከአንድ አህጉር ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የሚላከውና የማይላከው መስመር እንደገና ይመረጣል። ይህን ሁሉ በድረ ገጽ ላይ በመዳፊት ማድረግ ይቻላል። ቢሆንም በትእዛዝ መስመር ማድረግ የተሻለ መሆኑን እኛም እንቀበላለን፤ ምክንያቱም የተጻፈ ትእዛዝ ለሌላ ሰው ታይቶ ሊታረም፣ ለአርባ ፍሰቶች ሊደገም፣ ነገ ደግሞ ምን እንደ ተደረገ ሊጠየቅ ይችላል። በመዳፊት የተደረገውን ማን ያስታውሰዋል?

ወደ ኦውዝ ዜሮ እንለፍ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ኦክታ የገዛው ድርጅት ለሌሎች ድርጅቶች የተጠቃሚዎችን ማንነት የማረጋገጥ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ሎጉ ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ተከለከለ፣ ማን የይለፍ ቃሉን እንደ ለወጠ የሚናገር ነው። ትእዛዙ «ኦውዝ ዜሮ ሎግስ ስትሪምስ አፕዴት» ተብሎ ይጀምርና የተቀባዩን ዐይነት፣ ለምሳሌ ዳታዶግን ወይም ስፕለንክን፣ ቀጥሎም የፍሰቱን መለያ ቁጥርና የሚለወጠውን ነገር ያስከትላል። አጻጻፉ ግልጽ ነው፤ የሚጠየቀውን ትቶ የሄደውን ሰው መሣሪያው ራሱ እየጠየቀ ያስሞላዋል። በዚህ በኩል ነቀፌታ የለንም።

እጅግ ያስደነቀን ግን መሣሪያው እንቢ የሚልበት ቦታ ነው። ተቀባዩ የአማዞን ኢቨንትብሪጅ ወይም የማይክሮሶፍት ኢቨንት ግሪድ ከሆነ መድረሻውን ማሻሻል አይፈቀድም፤ ስሙን መለወጥ ይቻላል፣ ፍሰቱንም ለጊዜው ማቆም ይቻላል፣ የሚሄድበትን መለወጥ ግን አይቻልም። መድረሻውን መለወጥ የፈለገ ሰው አዲስ ፍሰት ከፍቶ አሮጌውን መሰረዝ አለበት። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥሩታል። በእኛ አስተያየት ግን ከመሣሪያው ጠባዮች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ተከፍቶ ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ አብረው ቢፈሱ የሚከተለው ጉዳት የአንድ መስመር ሁለት ጊዜ መመዝገብ ነው። የተደገመን መስመር ቈጥሮ ማስወገድ ይቻላል፤ የጎደለ መስመር ግን መጉደሉ እንኳ አይታይም።

ዳታዶግን በመሰለ ተቀባይ ላይ ግን አዲሱ ቁልፍ በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል። የዳታዶግ የአሜሪካ ጣቢያና የአውሮፓ ጣቢያ የተለያዩ ስለ ሆኑ የአንዱ ቁልፍ በሌላው ዘንድ አያገለግልም፤ ቁልፉን ለውጦ አህጉሩን መለወጥ የረሳ ሰው ሊደርስበት የሚችለውን አንባቢ ይገምታል። መሣሪያው የሚመልሰው የተሻሻለውን ቅንብር ዝርዝር ነው። በዝርዝሩም ውስጥ የፍሰቱ ሁኔታ «አክቲቭ» ተብሎ ይታያል። ይህ ቃል ፍሰቱ እንዲሄድ መፈቀዱን ይናገራል እንጂ መስመሮቹ መድረሳቸውን አይመሰክርም። የፍሰቱን ጤንነት የሚያሳይ ገጽ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገጹ ያለው በድረ ገጹ ላይ ነው። በትእዛዝ መስመር ሥራውን የጨረሰ ሰው ውጤቱን ለማየት ትቶት ወደ መጣው ድረ ገጽ ይመለስ ማለት ነው።

ሆኖም እዚሁ ላይ አንድ መልካም አጋጣሚ አግኝተናል። ኦውዝ ዜሮ በአስተዳደር በር በኩል የሚደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ ራሱን በሎግ ይመዘግበዋል። እንግዲህ ፍሰቱን ስናሻሽል መሻሻሉን የሚናገር መስመር ይጻፋል፤ ያም መስመር በተሻሻለው ፍሰት ይሄዳል። ተቀባዩ ዘንድ ሄደን ያንን መስመር ካገኘነው ፍሰቱ ደኅና ነው፤ ካጣነው አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሌላ መፈተኛ መሥራት ሳያስፈልግ ለውጡ የራሱ ምስክር ይሆናል። ይህም የሚሠራው ማጣሪያው ካልከለከለው ነው፤ የመግቢያ ሙከራዎችን ብቻ እንዲያሳልፍ የተደረገ ፍሰት የአስተዳደር መስመርን ስለማያሳልፍ፣ በዚያ ዐይነት ፍሰት ላይ የመስመሩ መጥፋት ምንም አያስረዳም።

ስለ ቁልፍ ከተነሣ ሌላም ነገር እንጨምር። ቁልፍን በትእዛዙ መስመር ላይ እንደ አንድ አማራጭ መጻፍ መጥፎ ልማድ ነው። ባሽ የተባለው የትእዛዝ አንባቢ የተጻፈውን ሁሉ በታሪክ ፋይሉ ውስጥ ያኖረዋል፤ በዚያው ማሽን ላይ የሚሠራ ሌላ ሰውም ትእዛዙ በሚሠራበት ቅጽበት የሂደቶችን ዝርዝር ቢያወጣ ቁልፉን ሊያነበው ይችላል። ቁልፉን በተለዋዋጭ ስም ውስጥ አስቀምጦ ስሙን መጻፍ ከመጀመሪያው ያድናል፤ ከሁለተኛው አያድንም። የመዝገብን በር የሚከፍት ቁልፍ በሌላ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ መቅረቱ የሚያሥቅ ነገር በሆነ ነበር፣ ጉዳት ባያመጣ።

ፋስትሊ ሌላ መንገድ ይከተላል። የዚህ ድርጅት ሥራ ድረ ገጾችን በዓለም ዙሪያ ባሉት ጣቢያዎቹ አማካይነት ለአንባቢው በፍጥነት ማድረስ ነው። የእያንዳንዱ ደንበኛ ቅንብር ቁጥር በተሰጣቸው እትሞች ይቀመጣል፤ በሥራ ላይ ያለው እትም የተቈለፈ ስለ ሆነ ማንም አይነካውም። የሎጉን መድረሻ ለማሻሻል የፈለገ ሰው «ፋስትሊ ሎጊንግ ኤስ3 አፕዴት» ብሎ ሲያዝ የትኛውን እትም እንደሚያሻሽል መናገር አለበት። «ኦቶክሎን» የሚለውን አማራጭ ከጨመረ መሣሪያው የተቈለፈውን እትም ገልብጦ ለውጡን በግልባጩ ላይ ያኖረዋል። ለውጡ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ሌላ ትእዛዝ፣ እትሙን የሚያነቃው ትእዛዝ፣ ሲሰጥ ነው። ስሕተት ቢገኝ የቀድሞውን እትም ማንቃት ይበቃል። በዚህ ሥርዓት «ተፈጸመ» የሚለው ቃል መጠኑን ያወቀ ነው፤ ረቂቁ ተጻፈ ማለቱ ነው፤ ከዚያ በላይ አይልም።

ይህን ካመሰገንን በኋላ ግን አንድ ብርቱ ነቀፌታ አለን። እትሙን በቁጥር ከመጥራት ይልቅ «ሌተስት»፣ ማለት የመጨረሻውን፣ ወይም «አክቲቭ»፣ ማለት በሥራ ላይ ያለውን፣ ብሎ መጥራት ይቻላል። ብዙ ሰው የመጨረሻው የሚለው ደኅና ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ሌላ ባልደረባ ትናንት ጀምሮ ያልጨረሰው ረቂቅ ቢኖር የመጨረሻው እትም ያ ነው። ረቂቁ ስላልተቈለፈ መሣሪያው አይገለብጠውም፤ የሎጉ ለውጥ በዚያ ባልደረባ ረቂቅ ውስጥ ይገባል። ከዚያም እትሙ ሲነቃ የእርሱም ያልተጠናቀቀ ሥራ አብሮ ይነቃል። ሎግ ለማሻሻል የተጻፈች መስመር የድረ ገጹን ሌላ ክፍል ልትለውጥ ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለውን ጠርቶ እርሱን ማስገልበጥ ይሻላል እንላለን። ቅንብር ቀላል ነገር አለመሆኑን ደግሞ ፋስትሊ ራሱ ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2021 አንድ ደንበኛ ያደረገው፣ ምንም ስሕተት የሌለበት የቅንብር ለውጥ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ተደብቆ የቆየን ጉድለት ቀስቅሶ ከአውታሩ 85 በመቶ የሚሆነው የስሕተት መልስ እንዲመልስ አድርጎ ነበር።

ሁለተኛው የፋስትሊ ጣጣ የጊዜ ነው። ወደ ኤስ3 የሚላከው ሎግ እየተጠራቀመ በፋይል መልክ ይጻፋል፤ ደንበኛው ሌላ ካልወሰነ በፋይልና በፋይል መካከል ያለው ጊዜ 3600 ሰከንድ፣ ይኸውም አንድ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትሙን አንቅቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው የመጀመሪያው ፋይል መውጣቱን ወይም አለመውጣቱን ሳያይ ይሄዳል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ይህን ለሰውየው ቢያስታውሰው ምን ይጎዳ ነበር? የኤችቲቲፒኤስ ተቀባይ ሲሆን እንኳ ፋስትሊ የጎራውን ባለቤትነት ተቀባዩን ጠይቆ ያረጋግጣል። ለአንዱ የተደረገው ጥያቄ ለሌላውም ሊታሰብ ይገባ ነበር።

የጉግል ክላውድን አሠራር በአጭሩ ብንመለከት ሌላ ዐይነት ትሕትና እናያለን። የሎጉን መድረሻ የሚያሻሽለው ትእዛዝ ከተፈጸመ በኋላ፣ ለጸሐፊው አካውንት በመድረሻው ላይ ፈቃድ መስጠት እንዳይረሳ የሚያሳስብ ቃል ይጽፋል። ያላደረገውን ነገር መናገሩ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ማሳሰቢያውን የሚያነበው ሰው ነው፤ የትእዛዝ መስመርን የምናወድሰው ደግሞ ሥራውን ለስክሪፕት ለመስጠት ነው። ስክሪፕት የሚያየው የመውጫውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ዜሮ ከሆነ ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ከዚህ ይልቅ የሂሮኩ ልማድ ደስ ይለናል፤ ተቀባዩ ዘግይቶ መስመሮች ሲጣሉ ኤል10 የተባለ ስሕተት በሎጉ ውስጥ ይጻፋል፣ ስንት መስመር እንደ ጠፋም በቁጥር ይናገራል። መጉደሉን ከነቁጥሩ የሚመሰክር መዝገብ ሙሉ ከሚመስል ጎደሎ መዝገብ ይበልጣል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ስንከራከር የሰጡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የማሻሻያ መሣሪያ ሥራው ማሻሻል ነው፤ መድረሱን መጠበቅ የተቆጣጣሪው ሥርዓት ድርሻ ነው ይላሉ። ለተቀባዩ ማንቂያ ደወል አድርግለት፤ መስመር ሲጠፋ ይጮኻል። ይህ በብዙ ሥርዓት ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ሌሊት በስምንት ሰዓት በሰዓት ሦስት መስመር ብቻ የሚቀበል መዝገብ ዝም ቢል፣ ዝምታው የሰላም ነው ወይስ የመቋረጥ? ደወሉ ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ መጠበቅ አለበት፤ ትእዛዙን የጻፈው ሰው ግን ለውጡ የተደረገበትን ደቂቃ ያውቃል። ጥያቄውን ለመጠየቅ ከሁሉ የተመቸው በዚያች ደቂቃ ያለው ነው።

የምንመኘውም ይህ ነው፤ ከማሻሻሉ በኋላ መሣሪያው ምልክት ያለበት አንድ መስመር ልኮ፣ የተቀባዩን መልስ ጠብቆ፣ መልስ ካልመጣ ከዜሮ የተለየ የመውጫ ቁጥር ይመልስ። ይህም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። የዳታዶግ አዲሱ የሎግ መቀበያ በር ለተላከለት የሚመልሰው 202 የሚለውን ቁጥር ነው፤ በኤችቲቲፒ ደንብ መሠረት ይህ ቁጥር ጥያቄው ለሥራ መወሰዱን እንጂ ሥራው መጠናቀቁን አያረጋግጥም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ተቀባዩ ዘንድ ገብቶ ያችን መስመር በዓይኑ ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል።

እስከዚያው ድረስ ባሉት መሣሪያዎች የምንሠራበትን መንገድ ስናስበው፣ በተቻለ ቦታ ሁሉ አዲሱን ፍሰት ከአሮጌው ጎን መክፈት፣ መስመሩ በሁለቱም በኩል ሲደርስ አይቶ አሮጌውን መዝጋት የሚሻል ይመስለናል። ይህ ለአጭር ጊዜ ድርብ ክፍያ ያስከትላል፤ ዳታዶግን የመሰሉ ተቀባዮች በሚገባላቸው የሎግ መጠን ስለሚያስከፍሉ ትልቅ ፍሰት ያለው ድርጅት ሰዓቱን ማሳጠር ይፈልጋል። በፋስትሊ ላይ ደግሞ በለውጡ ጊዜ የፋይሉን ጊዜ ከ3600 ሰከንድ ወደ 60 ዝቅ አድርጎ ውጤቱን ቶሎ ማየት ይቻላል። የቀድሞውን ጊዜ ለመመለስ ግን እንደገና ሌላ እትም ማስገልበጥ፣ ማሻሻልና ማንቃት ያስፈልጋል፤ የዚያኛው ለውጥ ውጤት የሚታየው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።